ይደር የተባለችው መኪና

ባለፈው ሐምሌ የጡረታ ቀኔ ደርሶ መሣሪያዎቼን ስሰበስብ፣ አብረውኝ ከሚሠሩት ወጣቶች አንዱ ከዚህ ሁሉ ኮተት የትኛውን ለማስታወሻ እንደምወስድ ጠየቀኝ። ልጁ በኮምፒውተር የሚሠራ መካኒክ ነው። ሽቦውን መኪናው ላይ ይሰካል፣ መኪናው ሕመሙን በቁጥር ይነግረዋል፣ እሱም ቁጥሩን አንብቦ ዕቃ ያዛል። አልንቀውም፤ እውነቱን ለመናገር እቀናበታለሁ። እኔ ግን ከመፍቻም ከካቻቢቴም አንዱንም አልመረጥኩም። የቀኝ እጄን ጀርባ አሳየሁት። የቀለድኩ መስሎት ሳቀ።

አልቀለድኩም። በሥራ ዘመኔ ካገኘሁት ድል ሁሉ ትልቁን ያገኘሁት በእጅ ጀርባና በአንዲት ቁራጭ ጠመኔ ነው። ትልቁን ውርደት የቀመስኩትም እዚያው ነው። ሁለቱንም ሳልደብቅ ልናገር፤ በዚህ ዕድሜዬ ማንን እፈራለሁ?

ሥራ የጀመርኩት በደርግ ጊዜ፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋራዥ ውስጥ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ብሎን በቤንዚን ከማጠብ በቀር ምንም እንድነካ አልተፈቀደልኝም። ከዚያ ኮምቦልቻ ተመደብኩ። መለዋወጫ በዓይን የማይታይበት ጊዜ ስለነበር ከሞተ መኪና ነቅሎ በሕይወት ላለው መግጠምን እዚያ ተማርኩ። አለቃችን አንድ ሻምበል ነበሩ፤ ኮፈን በተከፈተ ቁጥር ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ የሚሉ ሰው። ሞተር የሚፈራ የጋራዥ አለቃ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላጋጠመኝም። መንግሥት ሲለወጥ መሥሪያ ቤቱ ተበተነ፤ እኔም የአገልግሎት ወረቀቴን በፖስታ ይዤ አዲስ አበባ ተመለስኩ። ቦሌ ሚካኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ባለ አንድ የግል ጋራዥ ተቀጠርኩ። ደመወዙ የሚያኮራ ባይሆንም በሰዓቱ ይከፈል ነበር። ዕድሜዬ ሠላሳን ተሻግሮ፣ መካኒክ ነኝ ብዬ ደረቴን የምነፋበት ወቅት ነው።

የጋራዡ ባለቤት ኢንጂነር ፍሰሐ ይባላሉ። ሸሚዛቸው ሁልጊዜ ነጭ፣ ቃላቸው ሁልጊዜ «ዛሬ ይደርሳል» ነበር። ማንኛውም ደንበኛ ጠዋት ያመጣውን መኪና ከሰዓት ነድቶ እንዲሄድ ይፈልጋሉ። ዋናው መካኒክ ጋሽ ተካ ደግሞ የእሳቸው ተቃራኒ ነበሩ። በልጅነታቸው ከጣሊያን መካኒክ ሥር ያደጉ፣ ቁመታቸው አጭር፣ ጆሯቸው ላይ እንደ እርሳስ ጠመኔ የሚሰኩ ሽማግሌ ናቸው። ጠዋት ጋራዥ ሲገቡ ከሰው ጋር ሰላምታ ከመለዋወጣቸው በፊት ግቢ ውስጥ ባደሩት መኪኖች መካከል ይዞራሉ፤ ኮፈን እያነሱ የእጃቸውን ጀርባ ሞተሩ ላይ ያሳርፋሉ። እናት የልጇን ግንባር እንደምትነካው ማለት ነው። መዳፋቸውን ለምን እንደማይጠቀሙ ስጠይቃቸው፣ የመካኒክ መዳፍ በጠጠረ ቆዳ ስለተሸፈነ ሙቀት አያውቅም አሉኝ። ሞተር ሲሠራ ማውራት በእሳቸው ዘንድ ክልክል ነው። የፈቱትን ብሎን እንደ አፈታቱ ተራ ጋዜጣ ላይ ይደረድራሉ፤ ጋዜጣውን የነካ ሰው ወዮለት።

ከልማዳቸው ሁሉ ኢንጂነሩን የሚያንገበግባቸው ግን ጠመኔው ነበር። ጋሽ ተካ በሽታው ያልተገለጠላቸውን መኪና አይነኩም። ጠመኔውን ከጆሯቸው ያወርዱና መስታወቱ ላይ በትልልቁ «ይደር» ብለው ይጽፋሉ። ይደር ማለት ይደር ነው፤ ሹፌሩ ቢለምን፣ ኢንጂነሩ ቢቆጡ፣ መኪናው እዚያው ያድራል። ደንበኞች ነገሩን ስንፍና ይሉታል። መኪናው ፍርድ ቤት እንዳለ ጉዳይ ቀጠሮ ተሰጠው እያሉ የሚያሾፉም ነበሩ። እኔም በልቤ ከነሱ ጋር ነበርኩ። ፈጣን ነበርኩ፤ ኢንጂነሩም በፍጥነቴ ያመሰግኑኛል። ጋሽ ተካ ግማሽ ቀን የሚፈጁበትን እኔ በሰዓት እጨርሰዋለሁ።

አንዱ ሥራ ጓርኒሲዮን መቁረጥ ነበር። ጓርኒሲዮን በሁለት ብረቶች መካከል ገብቶ አየርም ዘይትም እንዳያልፍ የሚይዝ ስስ ነገር ነው። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ሲጠፋ እኛው እንቆርጠው ነበር። ወፍራሙን ወረቀት ብረቱ ላይ ዘርግቶ ጠርዝ ጠርዙን በትንሽ መዶሻ ቀስ እያሉ መምታት ነው፤ የብረቱ ጠርዝ ራሱ ወረቀቱን ይቆርጠዋል። ጋሽ ተካ ሲመቱ ድምፁ የሰዓት ያህል እኩል ነው። እኔ በመዶሻው ጥቂት እመታና የቀረውን በመቀስ እጨርሰዋለሁ። ማን ያየዋል?

ወይዘሮ ዘሀራ ወደ ጋራዣችን የመጣችው ደርግ በወደቀ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ነው። ወሎዬ ናት፣ ገርጂ የምትኖር። ባሏ ሰይድ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ሲሞት ሁለት ልጆችና አንዲት አሮጌ፣ አረንጓዴ፣ ቤንዚን የምትጠጣ አነስተኛ የጭነት መኪና ትቶላት ሄደ። መንዳት ያስተማራት እሱ ራሱ ነበርና፣ ሐዘኗን ከጨረሰች በኋላ መንጃ ፈቃዷን አውጥታ መሪው ላይ ተቀመጠች። ያን ጊዜ በቦሌ ዙሪያ ቪላ እንደ አሸን ይፈላ ነበር፤ እሷም ከገርጂ ብሎኬት እየጫነች ለግንበኞቹ ታደርሳለች። ግንበኛ በማለዳ ነው ሥራ የሚጀምረው፤ ስለዚህ ጎህ ሲቀድ መንገድ ላይ ናት። ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ፣ ክርኗን መስኮቱ ላይ አሳርፋ ስትነዳ የመንገዱ ሰው ሁሉ ዞሮ ያያታል።

መጀመሪያ ያመጣቻት ሞተሯ ከመጠን በላይ እየጋለ ስላስቸገራት ነበር። ከጋሽ ተካ ጋር ፈታናት፣ የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ አወረድን፣ አስተካከልን። ስንገጥም ጋሽ ተካ አመማቸውና ቤታቸው ገቡ፤ ሦስት ሳምንት ተኙ። የቀረውን ሥራ እኔ ጨረስኩት። አየርና ቤንዚን ተቀላቅሎ ወደ ሞተሩ የሚገባበትን ቱቦ ጓርኒሲዮን ቆረጥኩ፣ ብሎኖቹን አጠበቅኩ፣ በዚያው ዕለት አስረከብኩ። ኢንጂነሩ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። ጠዋት ከቤት ስትወጣ መኪናዋ ትንተባተባለች አለችኝ። ቃሏ ይህ ነበር። ቤንዚን ሳይረገጥ፣ ሚኒሞ ላይ ቆማ ስትሠራ ደኅና ናት፤ ቤንዚን ሲረግጡላት ግን ትንፋሿ ይቆራረጣል፣ ወደ ፊት ትዘልና ትቆማለች፣ አንዳንዴም ጭራሽ ትጠፋለች። ከእናንተ ጋራዥ ከወጣች ወዲህ ነው የጀመራት ስትል ሰምቻት ነበር። ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንኩ። ሰዓቱ ወደ ስድስት ተጠግቶ፣ መኪናዋ ከገርጂ ድረስ ተነድታ መጥታለች። ነዳኋት፤ ምንም የለባትም። ለደንቡ ያህል ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች አጽድቼ ሰጠኋት።

በሦስተኛው ቀን የባሏ ታናሽ ወንድም ከማል አብሯት መጣ። መገናኛ ሱቅ ያለው፣ ልብሱ የተስተካከለ፣ አነጋገሩ ለስላሳ ሰው ነው። ከማል የወንድሙ ሚስት ብሎኬት ስታመላልስ መታየቷ ያሳፍረው ነበር። ሹፌር ይቀጠርና አንቺ ቤት ተቀመጪ ይላታል። እሷ ደግሞ መሪውን ከለቀቀች መኪናዋ የማን እንደምትሆን ታውቃለች። ከማልም ቁልፉን ተቀብሎ እስከ ቦሌ መንገድ ነድቶ ተመለሰ። መኪናዋ እንደ ውሃ ትፈሳለች፣ ችግሩ የነጂዋ ነው አለ። ቀኑ እኩለ ቀን እንደነበር ያን ጊዜ ማናችንም አላሰብንም።

ዘሀራ ግን እሺ አላለችም። እዚሁ ትደር፣ ጠዋት እያት አለችኝ። ጠመኔ አንሥቼ እንደ ጋሽ ተካ «ይደር» ብዬ ጻፍኩ፤ ለጨዋታ ነበር። በማግስቱ በሥራ ሰዓቴ ገብቼ አስነሣኋት፤ በመጀመሪያው ጠቅታ ተነሣች። ቁልቁለቱን ወርጄ ዳገቱን ወጣሁባት፤ አንድም ጊዜ አልተንተባተበችም። ዘሀራ ስትመጣ በዚያ ግቢ ካለው ሰው ሁሉ ፊት፣ እስከ ዛሬ ሳስበው ጆሮዬ የሚግልበትን ነገር ተናገርኩ።

«ወይዘሮ ዘሀራ፣ መኪናዎ ደኅና ናት። የታመመው እግርዎ ነው።»

ሰዎቹ ሳቁ። እሷ ቁልፏን ተቀብላ ወጣች፤ በሩ ጋ ስትደርስ ግን ዞራ እግሯን አየች። ያቺን አስተያየት አልረሳትም። እውነት ይሆን እንዴ ብላ የጠረጠረች መሰለኝ፤ እኔ ነኝ እንድትጠራጠር ያደረግኳት።

ከዚያ በኋላ በነበረው ሰኞ ማለዳ፣ ብሎኬት ጭና ከገርጂ ኮረኮንች ወደ አስፋልቱ ስትወጣ መኪናዋ መሃል ላይ ተንተባትባ ጠፋች። አውቶቡስ እየመጣ ነበር። ሹፌሩ ፍሬን ይዞ በአንድ ክንድ ርቀት አለፋት። እሷም በድንጋጤ ስታስነሣት መኪናዋ ዘልላ የብሎኬቱ ግማሽ አስፋልት ላይ ተበተነ። ሰው አልተጎዳም። ወሬው ግን ከሷ ቀድሞ መገናኛ ደረሰ። ከማል የቤተሰቡን ሽማግሌዎች ለእሑድ ጠራ፤ ጉዳዩ አንድ ነበር፣ ቁልፉን ከእጇ መቀበል።

ረቡዕ ዕለት ዘሀራ መኪናዋን አምጥታ ግቢ ውስጥ አቆመች። ቁልፉን ለእኔ አልሰጠችም። ጋሽ ተካ ሐሙስ ሥራ እንደሚጀምሩ ሰምታ ስለነበር ለዘበኛችን ለአባባ ደበሌ ሰጥታ፣ ለጋሽ ተካ ብቻ እንዲያስረክቡ አደራ ብላ ሄደች።

ሐሙስ ማለዳ ስገባ ጋሽ ተካ ከእኔ ቀድመው ገብተዋል። ሕመሙ አክስቷቸዋል፣ ቱታው ሰፍቷቸዋል። የአረንጓዴዋን መኪና ኮፈን ከፍተው የእጃቸውን ጀርባ ሞተሩ ላይ አሳርፈው ቆመዋል። እጃቸውን አያነሡም። ጠራኋቸው። ከዚያ የእኔን እጅ ይዘው እዚያው ላይ አደረጉት።

ሞተሩ ሞቋል። ሌሊቱን ሙሉ የቆመ መኪና፣ ፀሐይ ገና ያልነካው፣ ሞቋል።

አባባ ደበሌ ተጠሩ። ሽማግሌው በወጣትነታቸው የጦር ሠራዊት ሹፌር ነበሩ፤ ጋቢያቸውን እንዳጣፉ እያፈሩ ተናገሩ። እኛ ከመምጣታችን ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለው ያደሩትን መኪኖች ሁሉ እያስነሡ ያሞቁ ኖሯል። ብርድ ሞተር ደግ አይደለም፣ እናንተም ከብርድ ገብታችሁ በቀዘቀዘ ብረት እንዳትቸገሩ ብዬ ነው አሉ። ለስንት ጊዜ ብለን ብንጠይቃቸው ጋሽ ተካ ከተኙ ጀምሮ አሉን። ጋሽ ተካ አልጋ ላይ ሳሉ ማንም የሞተሩን ሙቀት ስለማይነካ አልታወቀባቸውም። ከዚያ በፊትስ? ከዚያ በፊት ጋሽ ተካ ከሁላችን ቀድመው ስለሚገቡ አባባ ደበሌን ገና ሻያቸውን ሲጠጡ ያገኟቸዋል፤ ያን ሐሙስ ግን ሕመሙ ስላዘገያቸው ሞተሩ ሞቆ ጠበቃቸው። ጋሽ ተካ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ያቺን ሴት በሰው ፊት ያዋረድኩት አንድ ደግ ሽማግሌ ባሞቀው ሞተር ላይ ቆሜ ነበር።

ዓርብ ማለዳ አባባ ደበሌ እንዳይነኳት ተነገራቸው። እጄን አሳረፍኩ፤ ብረቱ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ጋሽ ተካ ንዳ አሉኝ። አስነሣሁ፣ ማርሽ አስገባሁ፣ ቤንዚን ረገጥኩ። ተንተባተበች። ዘለለች፣ ቆመች፣ እንደገና ዘለለችና በሩ ሥር ጠፋች። ጋሽ ተካ በመስኮቱ በኩል ጎንበስ አሉ፤ ለካ ዘሀራ ሁሉንም ነግራቸዋለች።

«እግርህን አሞሃል እንዴ?» አሉኝ።

ብረቱ ሳይሞቅ የቀረን ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ስለነበር ወደ ሥራ ገባን። ጋሽ ተካ አንድ ክንድ የሚሆን የጎማ ቱቦ ነበራቸው፤ አንዱን ጫፍ ጆሯቸው ውስጥ፣ ሌላውን ሞተሩ ላይ እያዞሩ ያዳምጣሉ። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ቱቦውን ከካንዴላ ወደ ካንዴላ፣ ከብሎን ወደ ብሎን አዞሩት። አየር በሚገባበት ቱቦ ጠርዝ፣ ሦስተኛው ብሎን አጠገብ ቆሙ። ለእኔም አሰሙኝ። ቀጭን ፉጨት አለ። በመርፌ መውጊያ ሁለት ጠብታ ውሃ እዚያች ቦታ አንጠባጠቡ፤ ውሃው ወደ ውስጥ ተሳበና ሞተሩ ለአፍታ ድምፁ ተስተካከለ። ነገሩ ግልጽ ሆነ። በዚያ በኩል ያልተጠራ አየር ይገባል፤ ቤንዚኑ ይሳሳል፤ ሞተሩ ሲረገጥ ትንፋሽ ያጥረዋል። ብረቱ ሲሞቅ ደግሞ ያብጥና ቀዳዳውን ራሱ ይደፍነዋል። ለዚህ ነው እኩለ ቀን ላይ እንደ ውሃ የምትፈሰው።

መፍቻ አነሣሁ። ጋሽ ተካ ያዙኝ። «አትንካት። እሑድ ሽማግሌዎቹን እዚህ ጋብዣለሁ፣ ከማልም በማለዳ ይንዳት» አሉኝ። ከዚያ ጠመኔያቸውን አውርደው መስታወቱ ላይ «ይደር» ጻፉ።

ያቺ ጓርኒሲዮን የማን ሥራ እንደሆነች እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ቢሰድቡኝ በተሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ሁሉም ሲሄድ እኔ ቀረሁ። የማልዋሽበት ነገር ነው፤ አዲስ ጓርኒሲዮን ቆርጬ ኪሴ ውስጥ ይዤ ነበር። አንድ ሰዓት የማይሞላ ሥራ ነው። ብፈታት፣ አሮጌዋን ብወረውራት፣ አዲሷን ብገጥም፣ ማንም የእኔን ጥፋት ሊያሳይ አይችልም። መፍቻውን ብሎኑ ላይ አስገባሁ። ከዚያ በነጋታው የሚሆነው ታየኝ። ከማል በማለዳ ይነዳታል፣ መኪናዋ እንደ ውሃ ትፈሳለች፣ ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ፣ ዘሀራም ዳግመኛ እግሯን ታያለች። ስሜን ማዳን የምችለው በእሷ መሪ ዋጋ ነበር። መፍቻውን አወጣሁና ወደ ቤቴ ሄድኩ። እንቅልፍ ግን ከየት ይምጣ?

እሑድ ማለዳ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከማልና ዘሀራ መጡ። ብርዱ ትንፋሽ የሚያሳይ ነበር። ጋሽ ተካ ሽማግሌዎቹን እየመሩ እጃቸውን ሞተሩ ላይ አስነኳቸው፤ መቀዝቀዙን በእጃቸው አረጋገጡ። ቁልፉ ለከማል ተሰጠ። በፈገግታ ገባ፣ አስነሣ፣ ቤንዚን ረገጠ። መኪናዋ ተንተባተበች፣ አንገቱን ወደ ኋላ ወርውራ ወደ ፊት መለሰችውና ጠፋች። እንደገና አስነሣ። በሩ ሥር ጠፋች። በሦስተኛውም እኔ ዓርብ በቆምኩበት በዚያው ቦታ ቆመች። አባባ ደበሌ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዞር አሉ። ዘሀራ አልሳቀችም።

ከማል ወርዶ ልብሱን አራገፈና በለስላሳ አንደበቱ ሌላ መንገድ ጀመረ። እንግዲያው መኪናዋ አርጅታለች፣ ያለቀለት ነገር ነው፣ ሰው ሳትገድል ትሸጥ አለ። ትልቁ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። እውነት ያለው ንግግር ነበር። ጋሽ ተካን አየኋቸው፤ ጠመኔያቸውን ጣቶቻቸው መካከል እያሽከረከሩ መሬት መሬት ያያሉ። አይናገሩልኝም ማለት ነው።

«አላረጀችም» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ። «ያበላሸኋት እኔ ነኝ።»

ፈታኋት። አሮጌዋን ጓርኒሲዮን አውጥቼ በትልቁ ሽማግሌ መዳፍ ላይ አስቀመጥኩ። በሦስተኛው ብሎን በኩል፣ በመቀስ በቆረጥኩበት ቦታ፣ ቀዳዳው ወደ ጠርዙ ተጠግቶ ከፀጉር የማይበልጥ ወረቀት ቀርቷል፤ እሱም ተሰንጥቆ አየር የገባበት ጥቁር መስመር ተሰምሮበታል። ሌሎቹን ቀዳዳዎች አሳየኋቸው፣ ልዩነቱን በዓይናቸው አዩ። መኪናዋ ከእኛ ዘንድ ከወጣች ወዲህ ነው ብላ እንደነገረችኝ፣ እንዳልሰማኋት፣ በሰው ፊት እግርሽ ነው እንዳልኳት ሁሉንም ተናገርኩ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሬ ይቅርታ ጠየቅኳት። አሮጌዋን ከሽማግሌው መዳፍ ላይ አነሣቻት።

«እንግዲያ ቁረጥ» አለችኝ። «እያየሁህ ቁረጥ።»

ኪሴ ውስጥ ያለችውን አላወጣሁም። አዲስ ወረቀት ዘረጋሁና በትንሿ መዶሻ መምታት ጀመርኩ። መቀስ አልነካሁም። ሽማግሌዎቹ ሣጥን ላይ ተቀምጠው፣ ዘሀራ ከአጠገቤ ቆማ፣ ጋሽ ተካ ዓይናቸውን ጨፍነው ድምፁን እያዳመጡ። የሕይወቴ ረጅሙ ጠዋት ያ ነው። ስጨርስ ጋሽ ተካ አንሥተው ወደ ብርሃን አዩዋትና መልሰው ሰጡኝ። ከአፋቸው ምስጋና አልወጣም፤ መልሰው መስጠታቸው ይበቃኝ ነበር። ገጠምኩ፣ ብሎኖቹን ከመሃል ወደ ዳር በየተራ አጠበቅኩ። የዚያን ዕለት መስታወቱ ላይ «ይደር» የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ለጨዋታ አልነበረም።

ሰኞ ማለዳ ዘሀራ በሌላ መኪና ያስመጣችውን ብሎኬት ጥግ ድረስ አስጫነች። ማንም ሳያዛት ነው፤ ባዶ መኪና መንዳት ማስረጃ አይሆንም ብላ። እጇን እንደ ጋሽ ተካ ሞተሩ ላይ አሳርፋ መቀዝቀዙን አየችና ገብታ አስነሣች። ከቦሌ ሚካኤል ወደ ዋናው መንገድ የሚያወጣው ዳገት ያን ጊዜ ኮረኮንች ነበር። ሁላችንም በእግራችን ተከተልናት። ረገጠቻት። መኪናዋ አንዴ አጓራችና ዳገቱን ያለ አንዲት መደናቀፍ ወጣችው። አስፋልቱ ጋ ስትደርስ አውቶቡስ አሳለፈች፣ ገባች፣ ሄደች። አባባ ደበሌ እልል አሉ፤ ወንድ እልል ሲል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔም በዚያ ሰው መካከል ቆሜ አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ትልቁ ሽማግሌ ለከማል ቁልፉ ከእጇ እንደማይወጣ፣ ጉዳዩም ዳግመኛ እንደማይነሣ ነገሩት። ከማልም ልክ ነው ብሎ ተቀበለ።

ኢንጂነሩ በደንበኛ ፊት ጥፋት ማመኔን ሲሰሙ ሊያባርሩኝ ተነሥተው ነበር። ከሳምንት በኋላ ግን የገርጂ ብሎኬት ጫኞች አንድ በአንድ በራችን ላይ ተሰለፉ፤ ሁሉም ጥፋቱን የሚናገረውን መካኒክ ነበር የሚጠይቁት። ኢንጂነሩ ስለ መባረር ዳግም አላነሡም፤ እንዲያውም «ዛሬ ይደርሳል» ማለት አቆሙ። ጋሽ ተካ ከሦስት ዓመት በኋላ ሥራ ሲያቆሙ ጠመኔውን ከጆሯቸው አውርደው እኔ ጆሮ ላይ ሰኩት። ከዚያ ወዲህ ከአሥር በላይ መካኒክ አሠለጠንኩ፤ መጀመሪያ የማስተምራቸው በእጅ ጀርባ መንካትን ነው። መቀስም ጋራዡ ውስጥ አልገባም።

ዘሀራ ደንበኛዬ ሆና ኖረች። አንዷን መኪና ሦስት አደረገቻቸው፤ አረንጓዴዋን ግን አልሸጠችም። በመጣች ቁጥር ወጣቶቹ ፊት ቆማ «እስቲ እግሬን እይልኝ» ትለኛለች። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ እንዲህ አለችኝ፣ ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ አንገቴን ደፋሁ፤ ሁለታችንም እንስቅበታለን።

እና ባለፈው ሐምሌ፣ ለዚያ ወጣት እጄን አሳይቼ፣ ቱታዬን አጣጥፌ ልወጣ ስል ያቺ አረንጓዴ መኪና ግቢ ውስጥ ቆማለች። መስታወቷ ላይ በጠመኔ፣ በማላውቀው የእጅ ጽሑፍ «ይደር» ተብሏል። ዘሀራ ጠመኔ ይዛ ከጎኗ ቆማለች፤ ፀጉሯ ሸብቷል። ምን ሆነች ብዬ ጠየቅኳት።

«ምንም አልሆነች» አለችኝ። «ጡረታ የወጣ ሰው ጠዋት ተነሥቶ የሚሄድበት ሲያጣ ነው የሚታመመው አሉ። ነገ በማለዳ ና።»

በማግስቱ ከሁሉም ቀድሜ ደረስኩ። አዲሱ ዘበኛ ቁልፉን ሲሰጠኝ አልነካኋትም ብሎ ማለልኝ። ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም፤ ወደ መቀመጫው የወጣሁት ተንፏቅቄ ነው። ከመውጣቴ በፊት ግን የእጄን ጀርባ ሞተሩ ላይ አሳርፌ ነበር፤ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ዘሀራ መጥታ በሌላው በር ገባችና ክርኗን መስኮቱ ላይ አሳረፈች። አስነሣሁ። ዳገቱ ዛሬ አስፋልት ነው። ቤንዚን ረገጥኩ፤ አረንጓዴዋ ያለ አንዲት መንተባተብ ወጣችው።

ጫፍ ላይ ስንደርስ ዘሀራ ወደ እግሬ ጎንበስ ብላ በጥሞና አየችው።

«ጋሽ አስናቀ» አለችኝ፣ «መኪናዋ ደኅና ናት። እግርህም ደኅና ነው።»